ወሰኑ የማን ነው?

እስኪ ክርንዎን እስከ መጨረሻው ይዘርጉ። ክንድዎ አንድ ቦታ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ቢገፉት ንቅንቅ አይልም። አጥንት ከአጥንት ተገናኝቷል። አሁን ደግሞ እጥፍ ያድርጉት። ይኸም ይቆማል፤ አቋቋሙ ግን ሌላ ነው። የታችኛው ክንድ ሥጋ ከላይኛው ጋር ተጋጥሞ፣ ለስለስ ብሎ፣ ሲገፉት ትንሽ እሺ ትንሽ እምቢ እያለ ነው የሚቆመው። መገጣጠሚያው አንድ ነው፤ ወሰኑ ግን ሁለት፣ የተሠሩበትም ነገር ለየቅል።

ይህን ልዩነት ወደ ሕክምና ትምህርት ያስገባው ጄምስ ሲሪያክስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። ባለፈው መቶ ዓመት አጋማሽ በለንደኑ ሴንት ቶማስ ሆስፒታል ሲሠራ፣ የታመመ መገጣጠሚያ ሲመረመር «እስከ የት ይሄዳል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ጎዶሎ መሆኑን አስተዋለ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ የመርማሪው እጅ ምን ተሰማው? አጥንት ነው? ሥጋ ነው? መገጣጠሚያውን ዙሪያውን የሚጠቀልለው ሽፋን ተወጥሮ፣ እንደ ወፍራም ቆዳ በግድ እየተለጠጠ ነው? ጉልበት ውስጥ የተቀደደ ልም አጥንት ተሰንቅሮ እጅን መልሶ ያነጥራል? ጡንቻው ድንገት ኩምትር ብሎ ያዘው? ወይስ እጅ ገና ምንም ሳይሰማው ሕመምተኛው «ይብቃ!» ብሎ ጮኸ? ይህ የመጨረሻው ከሁሉም የከፋው ነው፤ እመለስበታለሁ።

የፊዚዮቴራፒ ተማሪ ይህን ዝርዝር ይሸመድዳል፣ ፈተና ላይም ይጽፋል። ሥራ ሲይዝ ብዙውን ይረሳዋል፤ ካርድ ላይ የሚጻፈው ቁጥሩ ነውና። እኔ ግን ከሕክምና ጥያቄዎች ሁሉ ፈላስፋ ሊቀናበት የሚገባው ይኸኛው ይመስለኛል። ሰው ስለ ወሰኑ ሲናገር ኖሯል፤ ስለ ዕውቀቱ ወሰን፣ ስለ ዕድሜው ወሰን፣ ስለ ነፃነቱ ወሰን። ወሰኑ ከምን እንደተሠራ፣ ደግሞም የማን እንደሆነ ዳስሶ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ቁጥሩን አልንቅም። ጎኒዮሜትር ሁለት ክንድ ያለው፣ መሐሉ ላይ ዲግሪ የተጻፈበት ቀላል መሣሪያ ነው። አንዱ ክንዱ ባለበት በሚቆየው አጥንት ላይ፣ ሌላው በሚንቀሳቀሰው ላይ ይጋደማል። የአሜሪካ የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መመሪያ ሰው ቀጥ ብሎ የቆመበትን አቋም ዜሮ አድርጎ ከዚያ መቁጠርን አጸና፤ ክንድ ወደ ፊት ሲነሳ 180፣ ጉልበት ሲታጠፍ 135፣ ቁርጭምጭሚት ወደ ላይ ሲቀለበስ 20። መሣሪያው የዋህ ነው፤ የሚጠየቀውን ብቻ ይመልሳል። አንድ ሰው ያንኑ ጉልበት በዚያው ቀን ሁለቴ ቢለካው እንኳ 5 ዲግሪ ያህል መለያየቱ የተለመደ ነው፤ ሁለት ሰዎች ሲለኩት ልዩነቱ ሰፋ ይላል። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት 95 የነበረ ጉልበት ዛሬ 98 ስላሳየ «መሻሻል አለ» ብሎ መጻፍ ምኞትን መመዝገብ ነው።

ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ 135 የሚለው ራሱ ነው። ሜዳ ላይ ለመራመድ ጉልበት 60 ዲግሪ አካባቢ ቢታጠፍ ይበቃል። ከወንበር ለመነሳት 100ን ትንሽ ያለፈ ይበቃል። ቁጢጥ ብሎ ለመቀመጥ ግን 135 ራሱ አይበቃም። አሜሪካ ልጆቻቸው ዘንድ ሄደው ጉልበታቸውን ያስቀየሩ አንዲት እናት ብናስብ፣ 110 ላይ ሲደርሱ በመዝገቡ ላይ ውጤታቸው ጥሩ ነው፤ መኪና ውስጥ ይገባሉ፣ ደረጃ ይወጣሉ። እሳቸው የሚጠይቁት ግን «ልጄ፣ ለሑዳዴ መስገድ እችላለሁ?» ነው። ሠንጠረዡ መልስ የለውም። ለሶላት የሚቀመጥ ሰውም ጉልበቱን ሙሉ በሙሉ ከማጠፉ ሌላ የእግሩን አውራ ጣት ወደ ኋላ መቀልበስ አለበት፤ ያንን የጣት መገጣጠሚያ ለመለካት የሚያስብ ባለሙያ ግን ብዙ የለም። ጤነኛ የሚባለው ልክ ከአንድ ዓይነት ኑሮ ተቀድቶ ለሁሉም ሰው ተሰጥቷል። ወንበር ላይ ለሚኖር ሰው ሙሉ የሆነ ጉልበት በርጩማና ምንጣፍ ላይ ለሚኖር ሰው ጎዶሎ ነው። ስለዚህ ወሰንን ገና ከመለካታችን በፊት ለምን ኑሮ እንደሚለካ መጠየቅ ነበረብን፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ መሣሪያው ሳይወጣ ትንሽ መጨዋወት ያስፈልጋል።

ቁጥሩ ሌላም ነገር ይደብቃል፤ ክንዱን ማን እንዳንቀሳቀሰው። ሕመምተኛው ራሱ ሲያነሳው 70 ላይ የሚቀር ክንድ፣ መርማሪው ይዞ ሲያነሳው 160 ሊደርስ ይችላል። ያን ጊዜ መገጣጠሚያው ነፃ ነው፤ ችግሩ ከጡንቻው፣ ከጅማቱ፣ ከነርቩ ወይም ከዚያም ወዲያ ነው። በሁለቱም መንገድ እዚያው ቦታ ላይ ከቆመ ግን የሚጠረጠረው መገጣጠሚያው ራሱ ነው። ሲሪያክስ ሦስተኛ መንገድም ጨምሯል፤ መርማሪው ይዞ ይከለክላል፣ ሕመምተኛው ይገፋል፣ መገጣጠሚያው ግን አይንቀሳቀስም። ያን ጊዜ ካመመው ነገሩ ጡንቻና ጅማት ዘንድ ነው። ሦስት ቀላል ጥያቄዎች ናቸው፤ ማድረግ ትችላለህ? ሲያደርጉልህስ? ሲከለክሉህስ?

የዚህ ልዩነት ታላቅ ትምህርት ቤት እዚሁ አዲስ አበባ አለ። እ.ኤ.አ. በ1965 ዘነበወርቅ አካባቢ የተቋቋመው አለርት የአፍሪካን የሥጋ ደዌ ባለሙያዎች ሲያሠለጥን ኖሯል። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይወዳልና ከቆዳ ብዙም ሳይርቁ የሚያልፉትን ነርቮች ያጠቃል፤ አንዱ በክርን ጀርባ የሚያልፈው ነው። እሱ ሲሞት የመዳፍ ትንንሽ ጡንቻዎች ይሞታሉ፤ ማርያም ጣትና ቀለበት ጣት ይቆለመማሉ። ሰውየው ሊዘረጋቸው ይፈልጋል፤ አይዘረጉም። በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ግን ሌላ እጅ ሲዘረጋቸው፣ የገዛ ራሱ ሌላ እጅም ቢሆን፣ ይዘረጋሉ። ዝም ከተባሉ ቆዳው ያጥራል፣ ሽፋኑ ይጨማደዳል፣ ጅማቱ ይሰበሰባል፤ ከዚያ በኋላ ማንም እጅ አይዘረጋቸውም። ከውጭ ላየ ሰው ሁለቱ እጆች አንድ ናቸው። ሲነኩ ግን አንደኛው ይዘረጋል፣ ሌላው አይዘረጋም።

ይህ ለቀዶ ሐኪሙ ሁሉ ነገር ነው። ፖል ብራንድ የተባለ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ደቡብ ሕንድ ቬሎር ውስጥ የጀመረው ጅማትን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ የማዛወር ቀዶ ሕክምና ለተቆለመመ እጅ አዲስ ተስፋ ነበር፤ የሚሠራው ግን በሌላ እጅ ሲዘረጋ ለሚዘረጋ ጣት ነው። የደረቀ መገጣጠሚያን አዲስ ጅማት አያንቀሳቅሰውም። ስለዚህ ቢላዋ ከመነሳቱ በፊት አንድ ሰው እያንዳንዱን ጣት በየተራ ይዞ መዘርጋት አለበት። ለታማሚው የሚሰጠው የየዕለት ሥራም ከዚሁ ይወጣል፤ እጅን ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ቅባት መቀባት፣ ከዚያ በደህናው እጅ የታመመውን መዘርጋት። የሚያስደነግጠኝ የጊዜው ነገር ነው። መጀመሪያ «አልችልም» የነበረው ቆይቶ «አይቻልም» ይሆናል። የሰውየው የነበረው ወሰን የሥጋው ይሆናል፤ በመሐሉ ደግሞ ማንም ያላየው ብዙ ማለዳ አለፈ።

አርስቶትል ስለ እንስሳት እንቅስቃሴ በጻፈው አጭር መጽሐፍ ላይ፣ የታችኛው ክንድ ሲንቀሳቀስ ክርን ላይ ረግቶ የሚቆም ነገር መኖር እንዳለበት ይናገራል፤ የሚረጋ ነገር ከሌለ እንቅስቃሴ የለም። ነገሩን ወደ ሰማይ አዙሪት ሁሉ ይወስደዋል፤ እኔ ትከሻ ላይ ልቅር። እ.ኤ.አ. በ1944 ኢንማንና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ ክንድ ወደ ላይ ከሚነሳበት 180 ዲግሪ ውስጥ 120 ያህሉ ኳስ ከመሰለው የክንድ ራስ መገጣጠሚያ፣ 60 ያህሉ ደግሞ ከጀርባ በኩል ካለው ጠፍጣፋ አጥንት መንሸራተት የሚመጣ ነው። ስለዚህ ኳሷ ፈጽማ ብትደርቅም ሰውየው ትከሻውን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ክንዱን የተወሰነ ያህል ያነሳል። ጠፍጣፋውን አጥንት በአንድ እጁ ይዞ ሳያረጋ የሚለካ መርማሪ የጀርባውን እንቅስቃሴ ለትከሻው ይቆጥርለታል።

በነገራችን ላይ እስክስታ የዚህ የጠፍጣፋ አጥንት ጥበብ ነው ብል የሚቆጣኝ አይመስለኝም። ክንዱ ወርዶ፣ ኳሷ እምብዛም ሳትዞር፣ ጀርባው ይጫወታል። ትከሻው የደረቀ ሰው ሕመሙ ከበረደ በኋላ ሠርግ ቤት ገብቶ ትከሻውን ሲሰብቅ ባይ አይደንቀኝም፤ ያው ሰው ግን ጸጉሩን ማበጠር ሊያቅተው ይችላል። ዘመዶቹ «እንዲህ እየጨፈርክ አሞኛል ትላለህ?» ይሉታል። ሁለት የተለያዩ መገጣጠሚያዎች መሆናቸውን ማን ይንገራቸው?

ማንኛውም ምርመራ አንዱን ይዞ ሌላውን ማንቀሳቀስ ነው። የተያዘው ነገር ግን አይመረመርም። መርማሪው በአንድ እጁ አጥንቱን ሲይዝ፣ በአእምሮው ደግሞ የመጀመሪያ ግምቱን ይዟል፤ «ሃምሳ ዓመታቸው ነው፣ ስኳር አለባቸው፣ ትከሻው ደርቋል» የሚል። ግምቱ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ትክክል ስለሆነም ከዚያ በኋላ እጁ የሚሰማው ግምቱን ይሆናል።

ስለ ደረቀ ትከሻ ካነሳሁ እዚህ ላይ ልቆይ፤ የወሰኑ ባለቤት ጥያቄ እዚህ ነው የሚከብደው። በእንግሊዝኛ «የበረዶ ትከሻ» የሚያሰኘውን ስም እ.ኤ.አ. በ1934 የሰጠው የቦስተኑ ቀዶ ሐኪም ኮድማን፣ በሽታው ምን እንደሆነ መወሰን፣ ማከምም ሆነ ማስረዳት እንደሚያስቸግር በግልጽ አምኗል። በ1945 ኔቪያሰር የተባለ ሌላ ቀዶ ሐኪም የመገጣጠሚያው ሽፋን ወፍሮና ተጣብቆ እንዳገኘው ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ የሽፋኑ ሆነ። ምልክቱም ይታወቃል፤ ክንድን ወደ ውጭ ማዞር ከሁሉ በፊትና ከሁሉ በላይ ይከለከላል፣ ቀጥሎ ወደ ጎን ማንሳት፣ ቀጥሎ ወደ ውስጥ ማዞር። ከ40 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች፣ ስኳር ባለባቸውም ሰዎች ይበዛል። እጁን ያሠለጠነ ሰው መጨረሻው ላይ ያንን ቆዳ መሰል ውጥረት ያገኘዋል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ በጥቂት ሕሙማን ላይ የተሠራ ጥናት ግን አንድ ቀላል ነገር አደረገ። ትከሻቸው የደረቀ ሰዎችን መጀመሪያ ነቅተው ሳሉ ለካቸው፤ ቀጥሎ ሙሉ ሰመመን ወስደው ተኝተው ሳሉ፣ ሽፋኑ ገና ምንም ሳይደረግ፣ እንደገና ለካቸው። ተኝተው ሳሉ ክንዳቸው በሌላ ሰው እጅ ወደ ጎን ሲነሳ ነቅተው ከነበረው በብዙ አለፈ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ሽፋኑም የለም አላለም፤ ኔቪያሰር ያየውን አላፈረሰም። ግን የተሠለጠነ እጅ «ይኸው ሽፋኑ» ካለበት ወሰን ከፊሉ ከሕመምተኛው ጋር አብሮ ተኛ። ሽፋን አይተኛም። ታዲያ ያ ከፊል የማን ነበር?

የሕመምተኛዋ ነው እንዳንል እሷ አልወሰነችም። «ዘና ይበሉ» ሲሏት ዘና ብላለች፤ ብትጠየቅ የምትምልበት እውነት ነው። የሥጋዋ ነው እንዳንል፣ ሥጋዋ ሰመመኑ ሲመጣ ለቀቀ። ስለ ሰው ሥራ ስንፈርድ የለመድነው ወይ «አደረገ» ወይ «ሆነበት» ማለት ነው፤ ሳታማክረን የምትጠብቀን ይህች ሦስተኛዋ፣ የሰውነታችን ዘብ፣ በየትኛውም አትገባም። እኔም አይደለችም፤ ከእኔ ውጭም አይደለችም። አንድ ጊዜ ያመመንን መንገድ ታውቃለች፤ መንገዱ ከተጠገነ በኋላም ለረጅም ጊዜ ትዘጋዋለች። የሌላ ሰው እጅ ክንዴ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ የምትመረምረው እሷ ናት፤ እጁ ቸኩሏል? ቀዝቅዟል? ከዚህ በፊት አሳምሞኛል? ስለዚህ በ70 ዲግሪ ላይ የቆመ ክንድ የትከሻው ብቻ ሳይሆን የሁለት ሰዎች ትውውቅም ውጤት ነው። ይህን የሚጠራጠር ባለሙያ ያንኑ ትከሻ ሰላምታ ሰጥቶ፣ አስቀምጦ፣ እጁን አሙቆ እንደገና ይለካው።

አውስትራሊያዊው ፊዚዮቴራፒስት ጄፍሪ ማይትላንድ አዴሌድ ውስጥ ተማሪዎቹን ሁለት ነገር ለይተው በሥዕል እንዲያስቀምጡ ያስተምር ነበር፤ ሕመም የጀመረበትን ቦታ፣ እጅ ተቃውሞ የጀመረበትን ቦታ። ሲሪያክስም ከቅደም ተከተላቸው ብዙ ያነብ ነበር። ሕመሙ ከተቃውሞው ከቀደመ መገጣጠሚያው ገና እየነደደ ነውና አትግፋ፤ አብረው ከመጡ በጥንቃቄ፤ ተቃውሞው ቀድሞ ሕመሙ ከተከተለ መለጠጥ ይቻላል። ልብ በሉ፤ አንዱን የሚያውቀው የሕመምተኛው ስሜት ብቻ ነው፣ ሌላውን የሚያውቀው የመርማሪው እጅ ብቻ ነው። ዕውቀቱ ያለው በሁለቱ መሐል ስለሆነ አንደኛው ዝም ካለ ሥዕሉ አይሳልም።

ዘብ የሌለው ወሰንስ? ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርኮ እ.ኤ.አ. በ1868 የገለጻቸው መገጣጠሚያዎች ስሜት ያጡ ነበሩ። ያለ ምንም ተቃውሞ ይንቀሳቀሳሉ፣ ባለቤታቸው ሳያመው ይረግጣቸዋል፣ እነሱም ከውስጥ ይፈራርሳሉ። ዛሬ ይህን ጥፋት በብዛት የምናየው ስኳር የቆየባቸው ሰዎች እግር ላይ ነው። ስንት ዲግሪ እንደሚሄድ ብቻ የሚጠይቅ መርማሪ ያንን ቁርጭምጭሚት «ነፃ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ያለ ልክ የለቀቀ ወሰን ከጠበበው ይልቅ ያስፈራል።

እመለስበታለሁ ወዳልኩት፣ እጅ ባዶ ወደሚቀርበት ወሰን ልመለስ። እጅ ምንም ተቃውሞ ሳያገኝ፣ አጥንትም ሽፋንም ጡንቻም ሳይነካ ሕመምተኛው ከእንግዲህ ወዲያ አትለፍ ሲል፣ ሲሪያክስ የሚያስበው ትልቅ ነገር ነው፤ እባጭ፣ መግል፣ ዕጢ። እዚህ ላይ ፊዚዮቴራፒስት ሥራውን አቁሞ ወደ ሐኪም መላክ አለበት። «እጄ ምንም አልተሰማውም፤ ስለዚህ ምንም የለም» የሚል ሰው ከሁሉ የከፋ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። ወሰኑ ያለው በሕመምተኛው ቃል ውስጥ ብቻ ነው፤ በዚህ ምርመራ ውስጥ ቃል ከእጅ የሚበልጥበት ሰዓት ይኸው ነው።

ቃልና ሥራ የተጣሉ ሲመስሉስ? አንዲት አረጋዊት «እማማ፣ ክንድዎን ወደ ላይ ያንሱልኝ» ሲባሉ 80 ላይ ይቆማሉ። ምርመራው አልቆ ሲወጡ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ፤ ክንዱ ከ80 በላይ ሄዶ ይመለሳል። ወጣቱ ባለሙያ ያንን አይቶ ጓደኛውን በዓይኑ ይጠቅሳል፤ «ይኸው፣ ይችሉ የለ?» እንደማለት። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሜርሎ ፖንቲ ግን እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው ዋና መጽሐፉ ላይ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ቆስሎ ስለተመለሰ ሽናይደር ስለተባለ ወታደር ብዙ ገጽ ጽፏል። ሽናይደር ዓይኑን ጨፍኖ አፍንጫውን በጣቱ እንዲያመለክት ሲታዘዝ አይችልም ነበር፤ ትንኝ ስትነክሰው ግን እጁ ሄዶ ቦታውን ያገኛል። በትእዛዝ የሚደረግ እንቅስቃሴና በኑሮ ውስጥ የሚደረግ እንቅስቃሴ አንድ አይደሉም ማለት ነው። የሽናይደር ጉዳት ጭንቅላቱ ላይ ነበር፣ የእማማ ትከሻቸው ላይ ነው፤ ነገሩን ለማነጻጸር ብዙ መጠንቀቅ ይገባል። ቢሆንም የእማማ እጅ ነጠላዋን ዕድሜ ልኩን ያውቃታል። 180 ዲግሪን ያገኛት ዛሬ ጠዋት ነው፣ ያውም በማያውቀው ክፍል፣ ነጭ ጋወን በለበሰ ልጅ ፊት።

በዚህ ጉዳይ ላይ ታሪክ ያለው ጥፋት አለ። የስኮትላንዱ ቀዶ ሐኪም ጎርደን ዋዴል እ.ኤ.አ. በ1980 የወገብ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች የሚመረምርበት የምልክቶች ስብስብ አወጣ። አንዱ፣ ሰውየው ተንጋልሎ ሳለ እግሩ ሲነሳ የሚያመው፣ ተቀምጦ ሳለ ሳያስበው ያው እግር ሲዘረጋ ግን የማያመው ከሆነ የሚታይ ነው። ዋዴል ይህን ያወጣው ከቢላዋ ሌላ እርዳታ የሚያሻውን ሰው ለይቶ ለማየት ነበር። የካሳ ክርክር ውስጥ ያሉ ሰዎች ግን ዋሾ መለያ አደረጉት። በ1998 ዋዴል ራሱ ከባልደረባው ሜይን ጋር ሆኖ ምልክቶቹ ማስመሰልን እንደማያረጋግጡ መጻፍ ነበረበት። ያንን ጽሑፍ ካነበቡት ይልቅ ያላነበቡት የሚበዙ ይመስለኛል። ካሳ ከፋይም፣ አሠሪም፣ አንዳንዴ ቤተሰብም፣ «አልችልም» የሚለውን ቃል ለሁለት ከፍሎ እውነትና ውሸት ማድረግ ይወዳል፤ ሥራ ያቀልላል።

ለእጅ ይህን ያህል ክብር ስሰጥ የሚቃወመኝ ሰው መረጃ አለው። ሁለት ባለሙያዎች በአንድ መገጣጠሚያ መጨረሻ ላይ የተሰማቸውን ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ አይስማሙም፤ በዲግሪ ላይ የተሻለ ይስማማሉ። ስልክም ዛሬ ዲግሪ ይለካል። የእጅ ንድፈ ሐሳብም ተሸንፎ ያውቃል። ኖርዌያዊው ፊዚዮቴራፒስት ካልተንቦርን ያስተማረው ደንብ፣ ክንድን ወደ ውጭ ማዞር ለማስመለስ ኳሷን ወደ ፊት ማንሸራተት ይገባል ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የአሜሪካ ጥናት የደረቁ ትከሻዎችን ለሁለት ከፍሎ ሲሞክር፣ ወደ ፊት የተንሸራተቱት በአማካይ 3 ዲግሪ አገኙ፤ ወደ ኋላ የተንሸራተቱት 31። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያስ የሚስማሙበትን ብቻ እንጠይቅ» ማለትን ግን አልቀበልም። ለመመለስ የሚያስቸግር ጥያቄ ስላስቸገረ ብቻ ከጥያቄነት አይወጣም፤ ባለሙያዎች አለመስማማታቸውም እጅን ይበልጥ ማሠልጠን እንጂ እጅን መተው አያስተምረንም።

እዚህ አገር ይህን ወሰን በእጁ ሲዳስስ የኖረው ወጌሻ ነው። ዛሬም ስብራትና ወለምታ የደረሰበት ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደሱ ነው፤ የእግር ኳስ ተመልካችም ሜዳ የሚገባውን የቡድኑን ባለሙያ የሚጠራው በእሱ ስም ነው። ወጌሻን ማሞገስ ፋሽን ሲሆን አይቻለሁ፤ አልሳተፍበትም። አጥብቆ በታሰረ መቃ ደም ተከልክሎ የተቆረጠ እግር በየሆስፒታሉ ይታወቃል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ክርን ነው። የተሰበረ ወይም የወለቀ ክርን በጊዜው ሳይረጋ ሲታሽና በጉልበት ሲሳብ በጡንቻው ውስጥ አጥንት ሊበቅል ይችላል። እጅ ወሰኑን አልፋለሁ ብሎ ሲገፋ ወሰኑ አጥንት ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ሰመመንም አያስለቅቀውም። ይህን ጥፋት ወጌሻ ብቻ አይደለም የሚያጠፋው። ዲፕሎማ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ችኩል እጅም ያጠፋዋል።

ስለዚህ ሙያው በየቀኑ ከሚያስነሳው ጥያቄ አላመልጥም። ሕመምተኛዋ 70 ላይ «ይብቃ» ትላለች፤ የመርማሪው እጅ ግን ገና መንገድ እንዳለ ይሰማዋል። ይለፍ? አንዳንዱ ያልፋል፤ «ለእሷው ነው» ይላል፣ አንዳንዴም ይሳካለታል። እኔ የዚያን ቀን አይለፍ ባይ ነኝ። ምክንያቴ ርኅራኄ ብቻ አይደለም። ካለፈ ወሰኑ የማን እንደነበር የሚያውቅበትን ብቸኛ አጋጣሚ ያጠፋዋል፤ ሳታማክራት የምትጠብቃት ሦስተኛዋም እጁን ከዚያ ወዲያ አታምነውም።

ጠዋት በተሰለፈ ሰው ፊት ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል፤ ሰልፉ እውነት ነው። ግን ካርዱ ላይ የሚጨመረው አንድ መስመር ነው፦ «ቀኝ ትከሻ፣ ወደ ጎን 70፣ በመርማሪ እጅ። ያስቆሙት እሳቸው ናቸው፤ እጄ ገና መንገድ እንዳለ ተሰምቶታል። ነጠላ ሲያጣፉ ከ80 አልፏል።» በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ባለሙያ ካርዱን ሲያነሳ፣ ክንዱን ከመያዙ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።